ለክንፍ የሚሆን እንጨት

ሙሄ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ማታ ወደ እኔ መጣ፣
የታጠፈ ወረቀት ከብብቱ አወጣ።
መላጊያዬን አስቀመጥሁ፣ ሰጋቱራውን ጠረግሁ፣
አልጋ ሊያዘኝ መስሎኝ ርዝመቱን ጠየቅሁ።
«ስምንት ሜትር» አለኝ። «የማን አልጋ ነው?»
«አልጋ አይደለም ወንድሜ፣ ክንፍ ነው የምሠራው።»

ሞተሩን ካሮጌ ቮልስ ነቅሎ በጋዝ አጥቧል፣
ጎማ ከጋሪ ፈትቶ፣ አቡጀዲ ቋጥሯል፤
የቀረው እንጨት ነው።
ወረቀቱ የሚያዘው
ባሕር ማዶ የሚበቅል፣ በረዶ ያሳደገው፣
ቀላል፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ ያልጎበኘው።
«ኮምቦልቻ ላይ ምን አለ? ማን ይሆናል ምትኩ?»
«ፈልጠህ እየው» አልሁት፤ «እንጨት አይታወቅም በመልኩ።»

ወይራን አነሣን። ጠንካራ ነው፣ እውነት፣
ግን ይህን ይዞ የሚነሣ አሞራ የለም ከመሬት።
ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣
ከቆረጡት በኋላ ግን እንደ ነገረኛ ይጠማዘዛል፣
ዛሬ የለካኸው ነገ ሌላ ይሆናል።
ጥድ በመዓዛው ያባብላል፤ ክንድ ሳይሞላ ጉጥ፣
ሲጎብጥ ምልክት አይሰጥም፣ ድንገት ነው የሚለው ቁርጥ።
«ብሳናስ? ቀላል እኮ ነው» ቢለኝ ሳቄ መጣ፣
ያ የጥንቱ ጥያቄ ካፌ አምልጦ ወጣ፦
ብሳና ይነቅዛል ወይ? ለእንጨቱ ሁሉ ማን አስተምሮ!
እሱን ይዘህ ልትበር ነው፣ ሰማይ መሀል ተቦርቡሮ?

ዋንዛን ግን አከበርነው።
ሚዛን ከበርበሬ ነጋዴዋ ከዘምዘም ተውሰን፣
ጫፍና ጫፉን በርጩማ ላይ አሳርፈን፣
ከመሀሉ ድንጋይ አንጠልጥለን፣
ስንት ጣት እንደ ጎበጠ ግድግዳው ላይ በኖራ ጻፍን።
ጎበጠ፣ ተመለሰ፤ ሌላ ሲጨመር አቃሰተ።
ለጎድኑ ይሆናል አልን፤ ለወንበሩም። ለዋናው አጥንት ግን ሰነፈ፣ ወገቡ ከዳ፣ ታከተ።

የቀረው ዝግባ ነው።
የጎፍ ላይ አሉ፣ ጥቂት፣ ደመና የሚያበጥሩ፤
ስማቸው ሲነሣ ሁለታችንም ዝም አልን። ይኑሩ።
አንድ ሰው እንዲበር ብሎ ሦስት መቶ ዓመት መጣል
ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ከወይራም ይከብዳል።

ሳምንት አለፈ። ጋሽ እብሬ፣ የቅሬያችን ዳኛ፣
በሬን በምርኩዙ መታ፦ «አንዱ እብድ ሙሄ፣ አንተ ሁለተኛ?
ቅሬው ብረት ቃሬዛ ገዝቷል፣ ቀለም የተቀባ፤
የድሮዎቹ ሁለቱ መጋዘን ቆመዋል። አግዳሚያቸው ዝግባ።»

አራት አግዳሚ። ትከሻ የፋቃቸው፣ የእጅ ወዝ ያለሰለሳቸው፤
እስላሙንም ክርስቲያኑንም እስከ አፈሩ ያደረሱ፣
ክረምት በጭቃ፣ በጋ በአቧራ፣ አንድም ቀን ያልፈረሱ።
አባቴንም ተሸክመዋል። አልተናገርሁም።
አንኳኳሁ፤ እንደ ደወል ጮኹ። ነቀዝ አልነካቸውም።
ሀምሳ ዓመት ጣራ ሥር ደርቀው ውኃቸውን ረስተዋል፣
ጥፍር በምታህል ስፋት ሃያ መስመር ይቆጠራል።
ድንጋዩን አንጠለጠልን፤ ሌላ ጨመርን፣ ሌላ፣
እንጨቱ ዝቅ ብሎ ቆመ። ገመዱ ተበጠሰ በኋላ።

አጫጭር ነበሩና፣ ውፍረቱን አሥራ ሁለት እጥፍ በሰያፍ ልጌ
ጫፍ ከጫፍ አጣበቅሁ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ።
ሙሄ ግን ፈራ። «የሬሳ እንጨት» አለ፣ ጣቱ ዝግባው ላይ፣
«ይህን ለብሼ ልወጣ ነው ሰማይ?»
ጋሽ እብሬ ሳቀ፣ በቀሩት ሁለት ጥርሶቹ፦
«ሽቅብ ከወሰደህ እሰየው ነው፣ ያውም ለነዚህ ሽማግሌዎቹ፤
ቁልቁል ካወረደህም፣ ልጄ፣
መንገዱን ያውቀዋል።»

አሁን ክንፉ ሱቄ አልበቃውም፤ መስኮቴን ነቅዬ
ጫፉን ወደ ጎዳናው አውጥቼዋለሁ፣ በርጩማ አስደግፌ።
ትናንት ሲመሽ ከሐረጎ የሚወርደው ነፋስ ነካው፤
ከበርጩማው ተነሣ። አንድ ጣት ያህል ነው።
ማንም አላየም። ኖራዬን ፈልጌ
ግድግዳው ላይ ጻፍሁት፣ ከሌሎቹ በላይ አድርጌ።